ለተቀዳ ዘፈን 100,000፣ ለታሰረ ሰው 1,000

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጉዳዩ፦ መብት የጣሰ የመንግሥት ሠራተኛን በካሣ ስለመክሰስ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት እዚህ ጅማ፣ ፍርድ ቤት ደጅ ከማመልከቻ ጸሐፊዎቹ ጥላ ሥር ዛሬም ይሰማል። ያላግባብ ታስሮ የተለቀቀን ሰው «ካሣ ለምን አትጠይቅም?» ስትሉት የሚመልስላችሁ እሱኑ ነው። ስለ ንጉሡ ከሆነ ተረቱ ሕግም ነበር፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2137 ንጉሠ ነገሥቱ በካሣ እንደማይከሰሱ ደንግጓል። ነገር ግን እዚያው ሕግ ላይ አሥራ አንድ ቁጥር ወደ ኋላ ቢመለሱ 2126 ይገኛል። የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ሰው ከጎዳ ካሣ ይከፍላል፤ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው በተጨማሪ መንግሥትን መጠየቅ ይችላል፤ መንግሥት የከፈለውን ከሠራተኛው ማስመለስ ይችላል። ንጉሡም ዙፋኑም ካለፉ ቆዩ። 2126 ግን አልተሻረም።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በጋዜጦች ላይ የእስር ዜና «ተለቀቁ» በሚለው ቃል ሲያበቃ ስለምናይ ነው። የካሣው መንገድ ከዚያ ቃል በኋላ ይጀምራል። መንገዱ አለ፤ ጠባብ ነው፤ ብዙው ሰው የሚወድቅበት ቦታም የታወቀ ነው።

የመጀመሪያው መውደቂያ ክሱን በሕገ መንግሥቱ ብቻ ማቆም ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 17 ነፃነትን፣ በ19 የተያዙ ሰዎችን መብት፣ በ26 የመኖሪያ ቤትንና የግል ሕይወትን መከበር ይደነግጋል። አንቀጽ 13 ደግሞ በየደረጃው ያለ የመንግሥት አካል ሁሉ እነዚህን የማክበር ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። ለጣሰ ሰው የሚቆረጠውን ካሣ ግን የትም አልጻፈም። ኢትዮጵያ በ1985 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 9 ያላግባብ የታሰረ ሰው ካሣ የማግኘት መብት እንዳለው ይላል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ቃል ኪዳኑ የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ሁለቱንም መጥቀስ ይጠቅማል እንጂ አይበቃም። «መብቴ ስለተጣሰ 500,000 ብር ይከፈለኝ» ብቻ የሚል ማመልከቻ ገና በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ሊዘጋ ይችላል። ዳኛው የሚጠይቀው የትኛው ጥፋት፣ የትኛው ጉዳት፣ ስንት ብር እንደሆነ ነው።

ድልድዩ ያለው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ ነው። ቁጥር 2035 በግልጽ የተደነገገን ሕግ መጣስ በራሱ ጥፋት ነው ይላል፤ ቸልተኝነት ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር ውስጥ መግባት አያስፈልግም። ቁጥር 2040 ደግሞ ያለ ሕጋዊ ሥልጣን የሌላውን ሰው ነፃነት «ለአጭር ጊዜም ቢሆን» መንፈግን ጥፋት ያደርገዋል። ስለዚህ አቀራረቡ እንዲህ ነው፦ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት አቅርቡ ብሏል፤ አልቀረብኩም፤ ይህ በ2035ም በ2040ም ጥፋት ነው፤ በ2126 መሠረት ከፋዩ እነ እገሌ ናቸው።

አሁን በአንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንየው። ሰውየው የባጃጅ ሹፌር ነው እንበል። ሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተያዘ። ፍርድ ቤት የቀረበው በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት ነው። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ የ14 ቀን ጊዜ ቀጠሮ ተፈቀደለት (የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቅድም)። ቀጠሮው ሲደርስ ፍርድ ቤቱ በዋስ ይለቀቅ አለ፤ ዋስትናው የዚያኑ ዕለት ተያዘ። ጣቢያው «ደብዳቤው አልደረሰንም»፣ «ኃላፊው የለም» እያለ እስከ ሰኞ አቆየው። ሹፌሩ በድምሩ 28 ቀን ታስሯል። ክሱን ሲያስጽፍ 28 ቀን ብሎ ያስጽፋል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

ከ28ቱ ውስጥ 14ቱ በዳኛ ትዕዛዝ ያለፉ ናቸው። ትዕዛዙ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው የይግባኝ ነገር ነው፤ ዳኛ በሥራው ምክንያት በካሣ እንዳይከሰስ ቁጥር 2138 ይከለክላል፤ ፖሊሱም ትዕዛዝ ይዞ ነው ያቆየው። የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታትም በቂ ጥርጣሬ ከነበረ ሕጋዊ ናቸው። የሚቀሩት ከረቡዕ ጠዋት እስከ ቀጣዩ ረቡዕ ጠዋት ያሉት 7 ቀናት፣ ከዋስትናው በኋላም ከረቡዕ እስከ ሰኞ ያሉት 5 ቀናት፣ በድምሩ 12 ቀን ናቸው። 28 ብሎ የጠየቀ ሰው 14ቱን ተከሳሹ በአንድ ወረቀት ሲያፈርስበት የቀረውም አብሮ ይጠረጠራል። 12 ብሎ የጠየቀ ሰው በሁለት ወረቀት ያስረዳል፤ አንዱ የመጀመሪያው ጊዜ ቀጠሮ የተመዘገበበት ቀን ነው፣ ሌላው የዋስትናው ትዕዛዝ።

ከሁለቱ ደግሞ ጠንካራው የኋለኛው ነው። ፍርድ ቤት ልቀቁ ብሎ አለመልቀቅ መከላከያ የለውም። ከ48 ሰዓቱ ግን ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ስለማይቆጠር ተከሳሹ እሱን ያነሳል። በአንድ ወረዳ ተይዞ ወደ ሌላ ጣቢያ የተዛወረ ሰው ሲሆን ደግሞ ሰዓቱን ከሁለተኛው ጣቢያ መቁጠር ይመጣል። ሕገ መንግሥቱ የሚቆጥረው ሰውየው ከተያዘበት ሰዓት ነው፤ መዝገብ ላይ ከሰፈረበት አይደለም።

«በነፃ ተሰናብቻለሁ» ብሎ ብቻ የሚመጣም አለ። በነፃ መሰናበት በራሱ ካሣ አያስገኝም፤ በቂ ጥርጣሬ ኖሮ፣ ፍርድ ቤት በጊዜው ቀርቦ፣ በመጨረሻ ማስረጃ ያልበቃበት ሰው እስሩ ሕጋዊ ነበር። በተገላቢጦሽ፣ የተፈረደበት ሰውም ቢሆን ለተደበደበበትና ከ48 ሰዓት በላይ ለቆየበት ካሣ መጠየቅ ይችላል። ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። በፖሊሱ ላይ የቀረበ የወንጀል ክስም በነፃ ቢያበቃ የፍትሐ ብሔሩን ዳኛ አያስረውም፤ ቁጥር 2149 ይህን በግልጽ ይላል።

ማንን እንክሰስ? ይህ ጥያቄ ከሁሉም የረቀቀ ነው። ቁጥር 2127 ጥፋትን በሁለት ይከፍላል። ሠራተኛው በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ሆኖ ለመንግሥት ጥቅም የሚሠራ መስሎት በቅን ልቦና ያጠፋው የሥራ ጥፋት ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው የግል ጥፋት ነው። ለግል ጥፋት መንግሥት አይጠየቅም። እንግዲህ ተበዳዩ በንዴት «ሆን ብሎ፣ በቂም በቀል፣ በጉቦ አሰረኝ» ብሎ ሲያስጽፍ፣ ሳያውቀው የመሥሪያ ቤቱን ጠበቃ ሥራ እየሠራለት ነው። ጠበቃው ተነስቶ «ከሳሽ ራሱ የግል ጥፋት ነው ብሏል፤ ከክሱ እንሰናበት» ይላል። የሚቀረው አንድ ተራ ፖሊስ ነው፤ ከእሱ ላይ ደግሞ በፍርድ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ከሢሶ አይበልጥም።

ስለዚህ የምንመክረው ሁለቱንም መክሰስ ነው፤ አንደኛ ተከሳሽ ሠራተኛው፣ ሁለተኛ ተከሳሽ መሥሪያ ቤቱ። በማመልከቻው ውስጥ የሆነው ነገር በቀንና በሰዓት ይጻፍ፤ ስለ ፖሊሱ ልብ መጻፍ ግን አያስፈልግም። ዳኝነቱ በአማራጭ ይጠየቅ፦ ጥፋቱ የሥራ ነው ከተባለ ሁለቱም በአንድነትና በነጠላ (ከሳሹ ሙሉውን ከማንኛቸውም መጠየቅ እንዲችል)፣ የግል ነው ከተባለ አንደኛ ተከሳሽ ብቻውን። ሕጉ ቅን ልቦናን የሚገምት ስለሆነ፣ ይህ ግምት ከመንግሥት ካሣ ለሚፈልግ ከሳሽ የሚሠራ እንጂ የሚጎዳው አይደለም።

«ታዝዤ ነው» የሚለው መልስ አይቀርም። ቁጥር 2036 የበላይ ትዕዛዝ ብቻውን ነፃ እንደማያወጣ ይናገራል፤ ትዕዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን ያወቀ ሠራተኛ አጥፊ ነው። የሚተርፈው እንደ ወታደራዊ ዲሲፕሊን ባለ ሁኔታ ትዕዛዙን ለመከራከር ወይም ሌላ ለማድረግ የማይቻለው የነበረ እንደሆነ ነው። የፍርድ ቤት የመፍቻ ትዕዛዝ እጁ የደረሰ ፖሊስ ሕገ ወጥነቱን አላወቅሁም ሊል አይችልም። ያለመከሰስ ከለላውም ቢሆን ሰው እንደሚያስበው ሰፊ አይደለም። 2138 የሚጠቅሰው የመንግሥቱን አባላት ማለትም ሚኒስትሮችን፣ የምክር ቤት አባላትንና ዳኞችን ነው፤ የጣቢያ አዛዥ፣ መርማሪ፣ የቀበሌ ሊቀ መንበር እዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ዝርዝሩ ውስጥ ያሉትም ቢሆኑ ከሥራቸው ጋር በተያያዘ ወንጀል ከተፈረደባቸው በ2139 መሠረት ከለላው ይነሳል።

መሥሪያ ቤቱን ስትጠሩ የሕግ ሰውነት ያለውን ጥሩ። «የእገሌ ፖሊስ ጣቢያ» ተብሎ የተከሰሰ እንደሆነ፣ ጣቢያው በራሱ ስም የሚከስስና የሚከሰስ አካል አይደለም የሚል መቃወሚያ ይመጣል። ሰሌዳው ላይ ያለውን ስም ከመገልበጥ፣ ጣቢያው የማን እንደሆነ፣ የከተማው ወይስ የዞኑ ወይስ የክልሉ ፖሊስ መሆኑን አጣርቶ ማቋቋሚያ ሕግ ያለውን አካል መጥራት ነው። አሳሪው የፌዴራል ፖሊስ ወይም ሌላ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል፤ ጉዳዩ የፌዴራል ነው። ይህ ማለት ግን የጅማ ሰው 350 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ይክሰስ ማለት አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ ይሠራል፤ ጥፋቱ እዚህ እስከተፈጸመ ድረስ የጅማ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያየዋል። ይግባኙ ወደ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በወረዳ ፍርድ ቤት የተከፈተ የፌዴራል ጉዳይ ወራት ከፈጀ በኋላ «ሥልጣን የለኝም» ተብሎ ሲዘጋ የሚጎዳው ሰዓቱ እየሄደበት ያለው ከሳሽ ነው።

ሰዓቱ ሁለት ዓመት ነው። ቁጥር 2143 የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል ይላል። በካሣ ክስ ላይ ከሁሉም በላይ ሰው የሚያጠፋው ይህ ቁጥር ነው። ተበዳዩ መጀመሪያ ለዞን አስተዳደር ያመለክታል፤ ከዚያ ለእንባ ጠባቂ፤ ከዚያ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፤ ከዚያ ለክልሉ ቢሮ። ሁሉም ደብዳቤ ይጽፉለታል። እነዚህ ደብዳቤዎች አንዳቸውም ይርጋውን አያቆሙም፤ የሚያቆመው ለፍርድ ቤት የቀረበ ክስ ነው። የዚያው ቁጥር ንዑስ ሁለት ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ረጅሙ እንደሚሠራ ይናገራል፤ ሕገ ወጥ እስር ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ነው። ሆኖም በዚህ ላይ ተማምኖ መቀመጥ ሌላ ክርክር መጋበዝ ነው። ሁለት ዓመቱ ሳይሞላ መክሰስ ይሻላል። ድብደባና ማሰቃየት ሲሆን፣ ማሰቃየትን በመሰሉ በሰው ልጆች ላይ በሚፈጸሙ ወንጀሎች ክስ በይርጋ እንደማይታገድ የሚናገረውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 28ም ማንሳት ይቻላል።

ኮሚሽኑ ጅማ ላይ ቅርንጫፍ አለው፤ አቤቱታ ያለ ክፍያ ይቀበላል፤ ጣቢያ ሄዶ የማየት ሥልጣን አለው። ካሣ አይፈርድም፤ በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይም አይመረምርም። ስለዚህ መጀመሪያ፣ ሰውየው ገና ታስሮ ሳለ ሄዶ ማመልከትና የጽሑፍ ማስረጃ ማፍራት፣ ቀጥሎ መክሰስ የተሻለ ቅደም ተከተል ነው።

ማስረጃ ሲባል ሰው ምስክር ይመስለዋል። በእስር ጉዳይ ዋናው ማስረጃ ጣቢያው በር ላይ ያለው የእስረኛ መቀበያ መዝገብ ነው፤ ስም፣ የገባበት ቀንና ሰዓት፣ ያመጣው ፖሊስ፣ የወጣበት ቀን የሚሰፍርበት። የሰዓቱ ዓምድ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ስሙ የተመዘገበው በተያዘበት ቀን ሳይሆን ፍርድ ቤት በሚሄድበት ዋዜማ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ቤተሰብ በመጀመሪያው ቀን ምግብ ይዞ ሲሄድ የሄደበትን ሰዓትና ያነጋገረውን ፖሊስ ስም መጻፍ ያለበት። ማስታወሻ ደብተር ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ መስመር ከሁለት ዓመት በኋላ ከሰው ትዝታ ይበልጣል። መዝገቡን ጣቢያው አልሰጥም ሲል በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ ቁጥር 145 መሠረት ፍርድ ቤቱ አስቀርቦ እንዲያይ ይጠየቃል፤ ጥያቄው ከክሱ ጋር በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ ይስፈር። በኋላ ትዝ ሲል የሚቀርብ ጥያቄ ውድቅ ሊሆን ይችላል።

የጊዜ ቀጠሮውን መዝገብና የዋስትናውን ትዕዛዝ ግልባጭ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ማህተም አስመትቶ መውሰድ ነው። የዋስትና ትዕዛዙ ለጣቢያው የደረሰበትን ቀን የሚያሳይ ፊርማ ከሌለ ግን ክሱ ይላላል፤ «አልደረሰንም» የሚባለው ለዚሁ ነው። መፍቻውን የሚያደርሰው ቤተሰብ ሁለት ኮፒ ይዞ ይሂድ፤ አንዱን ሰጥቶ በሌላው ላይ «ተቀብያለሁ» ከቀን፣ ከሰዓትና ከፊርማ ጋር ያስጽፍ። እምቢ ካሉት የዚያኑ ዕለት ወደ ፍርድ ቤቱ ተመልሶ ያመልክት፤ ማመልከቻው ራሱ ማስረጃ ይሆናል።

አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታም ከማስፈታቱ ሌላ ይህን ጥቅም ይሰጣል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 177 ጀምሮ የተደነገገው ነው፤ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት በቃለ መሐላ ተደግፎ ይቀርባል፤ ታሳሪው ማን እንደሆነ፣ ማን እንደያዘው፣ የትና እንዴት እንደተያዘ፣ ይህን የሚያውቁት እነማን እንደሆኑ ይገለጽበታል። አሳሪው ታሳሪውን ይዞ እንዲቀርብ ይታዘዛል። በዚያ ችሎት «ያላግባብ ነው» ተብሎ የተሰጠ ብይን በካሣው ክስ ላይ ግማሹን መንገድ ያስኬዳል። ሰው ግን ከተፈታ በኋላ ነው ጠበቃ የሚፈልገው።

ቤት ሲፈተሽ ፍተሻው ፍርድ ቤት በተለይ ካላዘዘ በስተቀር ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ መሆን አለበት፤ የተያዘው ዕቃ ተዘርዝሮ በገለልተኛ ሰው ይፈረማል። ያለዚያ ዝርዝር የጠፋ ስልክና ገንዘብ ማስረዳት ጭንቅ ነው። የባለቤትነት ደረሰኝ፣ የስልኩ ካርቶን ላይ ያለው የመለያ ቁጥር፣ የባንክ ማስረጃ ያኔ ይጠቅማሉ።

በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት የታሰረ ሰው ሲከስስ አዋጁ እንደ ግድግዳ ይቀርብበታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መብቶችን ማገድ ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 18ን፣ ማለትም ከኢሰብአዊ አያያዝ የመጠበቅን መብት፣ ግን አይነካም። አሳሪው በአዋጁ የተሰጠው ሥልጣን ውስጥ ነበር ወይ የሚለውም ሁሌ ይጠየቃል።

ወደ ባጃጅ ሹፌራችን ሒሳብ እንመለስ። ለባለ ባጃጁ የቀኑን ገቢ አስገብቶ፣ ነዳጁን ችሎ፣ በእጁ የሚቀረው በቀን 700 ብር ነው እንበል። በ12 ቀን 8,400። ቤተሰቡ ምግብ ለማመላለስ በቀን 100 ቢያወጣ 1,200። ድምሩ 9,600 ብር። 700ውን በምን ያስረዳል? በባለ ባጃጁ፣ በተራው ማኅበር መዝገብ፣ አብረውት በሚሠሩ ሹፌሮች። ነጋዴ ሲሆን ደግሞ ተከሳሹ የግብር ፋይሉን ያስቀርብበታል፤ ለግብር የቀን ገቢዬ 200 ነው ያለ ሰው ለፍርድ ቤት 700 ሊል አይችልም። ልኩ ካልታወቀ በ2102 ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም በሚዛናዊ ግምት፣ ይቆርጣል፤ ርትዕ ማለት ግን ለጋስነት ማለት አይደለም። ለዋስትና የተያዘ ገንዘብ የሚመለስ ስለሆነ በጉዳት አይቆጠርም።

እንግዲህ የሕሊና ጉዳቱ ቀረ። በልጆቹ ፊት በካቴና መወሰዱ፣ መሬት ላይ ማደሩ፣ ሠፈሩ «ሌባ» ማለቱ። ሕጉ ለሕሊና ጉዳት ካሣ የሚፈቅደው በግልጽ በዘረዘራቸው ጉዳዮች ብቻ ነው፤ ነፃነትን ያላግባብ መንፈግ ከዝርዝሩ ውስጥ አለ። መጠኑን የሚወስነው ቁጥር 2116 ግን በማናቸውም ሁኔታ ከ1,000 ብር አይበልጥም ይላል። ለአንድ ቀን እስርም፣ ለሁለት ዓመትም፣ ጣራው 1,000 ነው።

ሕጉ ሲወጣ አንድ ሺህ ብር 400 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 10 ዶላር አይሞላም። በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ ያለ ፈቃድ ሥራው ለተቀዳበት ሰው የሚከፈለው የሞራል (የሕሊና ጉዳት) ካሣ ከ100,000 ብር እንደማያንስ ይደነግጋል። አንዱ ወለል ነው፣ ሌላው ጣራ። ለዘፋኙ የተሰጠው በዛ አንልም። ሁለቱም ሕጎች በአንድ ችሎት፣ በአንድ ዳኛ ፊት፣ በአንድ ቀን ሊጠቀሱ ይችላሉ፤ ዳኛውም ለሕሊና ጉዳት ለተቀዳው ዘፈን ቢያንስ መቶ ሺህ፣ ለታሰረው ሰው ቢበዛ አንድ ሺህ ለመፍረድ ይገደዳል።

ስለዚህ የሹፌራችን ክስ በጠቅላላው 10,600 ብር ነው። ከዚህ ላይ የዳኝነት ክፍያው፣ የጽሕፈቱ፣ የምስክር መጓጓዣው ይወጣል። የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በአማርኛ የተዘጋጀ ማመልከቻና ሰነድ የትርጉም ወጪም አለበት። ሰው ለምን እንደማይከስስ ሲጠየቅ ፍርሃት ብቻ ይመስለናል፤ ሒሳብም ነው። አቅም የሌለው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ ባለው ሥርዓት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል፤ ያለውን ንብረት ከነግምቱ መዘርዘር አለበት፤ የደበቀው ነገር ከተገኘ ማመልከቻው ውድቅ ይሆናል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከልም ማመልከቻ በመጻፍና በመከራከር ይረዳል፤ ይህን አገልግሎት ከከተማው ወጣ ያለው ሰው በቅጡ አያውቀውም።

ፍርዱ ከተገኘ አፈጻጸሙ ይከተላል። የፖሊስ መኪና አስይዞ በሐራጅ መሸጥ አይታሰብም፤ ትዕዛዙ በጀት ለያዘው የፋይናንስ መሥሪያ ቤት እንዲጻፍ ነው የሚጠየቀው። ክሱ ሲቀርብ የፋይናንስ መሥሪያ ቤቱን ስምና አድራሻ አጣርቶ መያዝ በኋላ ወራት ያድናል። መሥሪያ ቤቱ ከከፈለ በኋላ ከሠራተኛው ያስመልስ እንደሆነ ግን የእሱ ፈንታ ነው፤ ሕጉ ይችላል አለ እንጂ ይገደዳል አላለም። ይህ በእኛ ዕይታ ትልቅ ቀዳዳ ነው፤ ያጠፋው ሰው ሳይነካ የሚከፈለው ከሕዝብ ኪስ ይሆናል።

የተወካዮች ምክር ቤት 2116 ላይ ያለውን ቁጥር እንዲያነሳ ወይም እንደ ቅጂ መብቱ ወለል እንዲያበጅለት እንጠይቃለን፤ ለዚህ አዲስ ሕግ ሳይሆን አንድ መስመር ማሻሻያ ይበቃል። ከክልሉ ፖሊስ ደግሞ የምንጠይቀው ከዚህ የቀለለ ነው። ማንም ሰው ከጣቢያ ሲወጣ የገባበትና የወጣበት ቀንና ሰዓት፣ የያዘው ፖሊስ ስም፣ የጣቢያው ማህተም ያለበት ሩብ ገጽ ወረቀት ይሰጠው። ባንክ ለሃምሳ ብር ተቀማጭ ደረሰኝ ይቆርጣል።

ከአክብሮት ጋር
በጥብቅና ሥራ ላይ የተሰማራን የሕግ ባለሙያዎች
ጅማ